አራተኛው ወንበር

ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፣ ያኔ በስልሳ ሦስት፣
ከደብረ ሲና ጣርማበር፣ በዚያች አሮጌ ፊያት።
ጥርሴ ሙሉ ነበር፤ የቆዳ ቦርሳ፣ ፊሽካ፣
በሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሰው በዓይኔ ስለካ።

ቅዳሜ ነው፤ ጎህ አልቀደደም፤ ጉሙ ከገደሉ
ሽቅብ ይሳባል፤ ገበያተኞች ይስላሉ።
ሸክላ ሠሪዋ ይርገዱ መጣች ከወንዙ ዳር፣
ሰባት ገንቦ ጣራ ላይ አስጭና፣ የተሸፈነ በሣር።
አንድ ብር ቆጥራ አኖረች መዳፌ ላይ፣
«ቁጥሩንም ጻፍበት» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ።

ጻፍኩላት፤ አራት። እንቅልፌ ይሁን እንጃ።

እንደሷ ላለ ሰው ቦታው ታውቆ አድሯል፦
ከኋላ፣ ከበጎቹ ጋር፤ ከሞላም ጣራ ይወጣል።
ሕግ አልነበረውም፤ ማንም አልጻፈውም፤
ያልተጻፈን ነገር ደግሞ ላጲስ አያጠፋውም።

ገባች። ተቀመጠች። ከጥፍሯ ሥር ቀይ አፈር።
ወይዘሮ የሺመቤት ከጎኗ ብድግ አሉ፣ የልጃቸውን ፊት ከልለው፣
ክታቡን ከአንገቱ ስበው፣ «አንሡልኝ ይህችን!» ብለው።
ሰዉ ሁሉ ጮኸ። ከሁሉ አብልጬ ጮኽኩ እኔ፤
«ወደ ኋላ፣ አንቺ ቡዳ!» አልኩ፣ በዚችው ልሳኔ።

ትኬቱን ከመቀነቷ ፈታ ያዘችው ፊቴ ላይ፦
«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንብበው አንተው ራስህ፤
ምን ይላል በገዛ እጅህ፣ በገዛ እርሳስህ?»

አላነበብኩም።

ሾፌሩ ሸዋቀና ገበያው ሊያልፈው ነው፤ ማርሹን ነክሶ ወጣ፤
ከዋሻው በታች ግን ራዲያተሩ ፈላ፣ እንፋሎት አመጣ።
«በላችው!» አሉ፤ «ሞተሩን በላችው!» እያማተቡ ወረዱ፤
ገደሉ አፋፍ ላይ ተኮልኩለው በብርድ ተንገደገዱ።
እሷ አልወረደችም።

ምንጩ ከታች ነው። ጀሪካን የለንም።
ተመልሼ ገባሁ፤ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ፦
«እስቲ አንድ ገንቦ አውሺኝ።»
«ከወንበሬ አልነሣም» አለች፣ «ገንቦውም አይዋስም፤
ይሸጣል። ሽልንግ ከስሙኒ። አልቀንስም።»

ከኪሴ ከፈልኩ።
ከቡዳ ገንቦ ጠጣ ሞተሩ፤ ጠጥቶም ተነሣ፤
ክታብም አላሰረ፣ አንዴም አላገሳ።
የወረዱት ወጡ። መተላለፊያው ላይ ቆመው፣ እርስ በርስ ተጣበው፣
ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር አልፈው።

ደብረ ብርሃን ኬላ ላይ አምሳ አለቃው አወረዳት።
«ጸጥታ ማወክ» ብሎ ጻፈ። ምስክር ጠራኝ።
«አራት ቁጥር የሷ ነበር?»
«አልነበረም» አልኩ።
ሦስት ሌሊት አደረች። ስድስቱን ገንቦ ፖሊሶቹ
ውሃ ቀዱበት፤ አንዱንም አልመለሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ያው ጉም፣ ያው ሰዓት፣
አንድ ብር መዳፌ ላይ፦
«ቁጥሩንም ጻፍበት።»

ጻፍኩ። ሦስተኛው ወንበር እስከ ፋሲካ ባዶውን ተጓዘ።
ከፋሲካ ማግስት አንድ የመንዝ ባና ሻጭ፣
ሌሊቱን ሲሄድ ያደረ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ዘጭ አለበት።
ዋሻው ውስጥ ስንገባ አንቀላፋ፤
ራሱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አልነቀነቀችውም።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ሁሉ ልጠይቅ እልና
«መልስሽ ይኸው» እላለሁ።

ገንቦው ዛሬም ቤቴ አለ፤ የጣራ ጠፈጠፍ ይቀበላል።
ከአንገቱ በታች፣ ጭቃው ሳይደርቅ የያዘችበት፣
የጣቶቿ ጉድጓድ ቀርቷል።
ጣቶቼን እከትበታለሁ አንዳንድ ማታ፣ እቆጥራለሁ፤
አራት።