የ«ተ» ነገር

ሕመምም ሰዋስው አለው፤ እኔ የተማርኩት ዊኒፔግ ነው፣
ፖርቴጅ ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበሩ በሚቀዘቅዘው።
«የውብዳር» ተብዬ ተጠራሁ፣
ተመዘንኩ፣ ተለካሁ፣
ደሜ ተቀዳ፣ ስሜ ተጻፈ፣
ተራዬ መጣ፣ ተራዬ አለፈ።
ግሡ ሁሉ «ተ» አለበት፤ አድራጊው ሌላ፣ እኔ ተደራጊ ሆኜ ቀረሁ፤
አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታየሁ እንጂ አላየሁ።

የኔ በሽታ የማታ ነው።
ጠዋት አውቶቡሴን አስነሥቼ ስወጣ
መንገዱም አንድ፣ መብራቱም አንድ።
ሲመሽ የዐይኔ ቆብ ይወርዳል፣ የሱቅ መዝጊያ ይመስል፤
ቀዩ መብራት ሁለት ይሆናል፣
የቱ እንደሚያስቆመኝ አላውቅም።
የማታ ፈረቃውን መለስኩ፣ ደመወዜም አብሮ ጎደለ።

ቀጠሮው ግን ሁልጊዜ ጠዋት ነው።
ዶክተር ፍሪሰን በባትሪ ያበራል፣
«ደህና ነው» ይላል፣ «እንቅልፍ አጥተሽ ይሆናል።»
ሌባው የሚመጣ በማታ፣
ዘበኛው የሚቆም በጠዋታ!

አንድ ሌሊት ስልኬን ከፈትኩ፣
ወዲያ ማዶ ሰዎች አገኘሁ፣
አንድ ዐይናቸውን በጣት ደግፈው የሚጽፉ፦
ኖርቫል፣ የተንደር ቤይ በያጅ፤
ሎሬና፣ አማሪሎ፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ፤
ስሙን የማያወጣ አንድ የሃሊፋክስ ዓሣ አጥማጅ።
ሰንጠረዥ አላቸው።
ስንት ሰዓት ደከመህ? ምን ዋጥህ? ስንት ደረጃ ወጣህ?
ሦስት መቶ አርባ ሰው፣ ለያንዳንዱ አንድ መስመር።
በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት እንደማይገኝለት
ማንም በተረት አልነገራቸውም፤
ግን ማንም አልሸሸገም።

ኖርቫል ጠየቀኝ፦ «በረዶ አለሽ?»
በጥር ወር፣ ዊኒፔግ ላለ ሰው!
«ሁለት ደቂቃ ቆቡ ላይ ያዢ። ሳትይዢ ፎቶ፣ ከያዝሽ በኋላ ፎቶ።
እኔ ብረት ነው የማውቀው። ለሐኪምሽ አሳዪው።»

መስኮቱን ከፍቼ ከደፉ ላይ አፈስኩ፣
በካልሲ ቋጥሬ ዐይኔ ላይ አሳረፍኩ፣
ጣቴ እየደነዘዘ መቶ ሃያ ቆጠርኩ።
ሳነሣው፣ ቆቡ ተነሣ።
መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ መስታወቱ ፊት፣
«ተ» የሌለበት የመጀመሪያ ግሤን አገኘሁ፦
አየሁ።

ሁሉም ደግ ነበር አልልም።
አንዱ መጣና ዘይት ሸጠ፣ በምስክር፣ በቅናሽ።
ሎሬና «ኪኒኑን ትቼ ልሞክረው» አለች።
ኖርቫል ለመናት። እኔም ለመንኳት።
መስመሯ ላይ ማክሰኞ አለ፣ ረቡዕ አለ፣
ሐሙስ ባዶ ነው።
ማንም አልሰረዘውም።
አዲስ የሚመጣ ሁሉ ከሥሩ ሲጽፍ
መጀመሪያ እሱ ጋ ይቆማል።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤
የኛ ድር ምንም አላሰረ፣
አንበሳው የሚወጣበትን ሰዓት ግን ቆጠረ።

ፍሪሰን ፎቶዎቹን ሁለቴ አያቸው።
ግንባሩ ተቋጠረ። «ከኢንተርኔት ነው?»
«ከማታ ነው» አልኩት።
ዝም አለ፤ ከውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ድምፅ ይሰማል።
ከዚያ፣ በዓመት ከመንፈቅ ያላደረገውን፣
ስክሪኑን ወደኔ አዞረው።
አነበብኩ፦ ደህና። ደህና። ደህና። እንቅልፍ።
«ይኼን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ፣ እንደሚናዘዝ ሰው፤
«ማክሰኞ ማታ ነይ። ሲወርድ ልየው።»

በ«ተ» ላይ ለካ ቸኩዬ ነው የፈረድኩት።
የምታስተኛው ፊደልና የምታገናኘው አንዲት ናት፤
እሱ ጠየቀ፣ እኔ ጠየቅሁ፣
ተጠያየቅን።

ማክሰኞ ማታ ሕንጻው ባዶ ነበር፣
ከኛ ክፍል በቀር መብራቱ ጠፍቶ።
ቆቤ ወረደ፤ ፍሪሰን ሁለት ሆነ፤
የቱ እውነተኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ
አንዱን ዐይኔን በመዳፌ ከደንኩ፣
በቀረው፣
ተያየን።