የጉም ቀን ምልክት

ጠባሴ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከቆርቆሮዋ ቤት፣
ባነር አትማለሁ፣ ማኅተም እቀርጻለሁ፣ የሠርግ ወረቀት።
ኮምፒውተሬ ያረጀ፣ ማተሚያዬ ሳል ያለበት፣
ሐምሌን በጭቃ፣ ጥቅምትን በውርጭ የማሳልፍበት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ መብራት ሄዳ መጣች፤
ወይዘሮ አልጣሽ፣ ከመሐል ሜዳ ተሳፍራ፣
ከማዳበሪያ ከረጢት ጥቁር በርኖስ አወጣች።
«አሥራ አንድ ነን» አለች፣ «ስምንት ፈታይ፣ ሦስት ሸማኔ፤
የእህቴ ልጅ ስንቅነሽ ስልክ ላይ ሱቅ ከፈተች ለእኔ።
ሱቁ ክብ ቦታ አለው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፤
ባዶ ከተውሽው ትለኛለች፣ ሰው ሁሉ ያልፍሻል ዞር ሳይል።»

ከፈትኩ የለመድኩትን፣ የማውቀውን ጓዳ፦
ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣
ቀስት የዞረባት ዓለም፣
አንዲት የፈረንጅ በግ፣ ነጭ፣ ጥርሷን የምታሳይ ለሰዳ።
«ይህቺ» አለች ወይዘሮ አልጣሽ፣ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣
«ውርጭ አይታ አታውቅም። ማን ናት? የማን እንግዳ?»

ሥራው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ገባኝ ትንሽ ስጋት፤
«እሺ፣ ስምዎን እንጻፈው» አልኩ፣ «በወርቅማ፣ ጥላ እንጨምርበት።»

«ስሜንማ ገበያው ያውቀዋል።
ቅዳሜ የሚገዛኝ ሰው በርኖሱን በጣቱ ይፈትገዋል፣
ያሸተዋል፣ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል፣
ከዚያ ፊቴን ያያል። ይከፍላል።
ስልክ ላይ ማን ይዳስሳል?

ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ አይተሃል?
በጎች ሲቀላቀሉ፣ የእኛና የጎረቤት፣
ጥቁሩም ግራጫ፣ ነጩም ግራጫ፤
መልክ የለም፣ ድምፅ ብቻ፣ እሱም አይታወቅ ከየት።
ያኔ እጅህን ትሰዳለህ፣ ጆሮ ትፈልጋለህ፤
ሁለት ቅድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ የእኛ ናት ትላለህ።
የአማቴ አባት ጀመረው፣ እኛም ቀደድን በዚያው፤
ጠጉር ይሸለታል፣ ላት ይከሳል፣ ጆሮ ግን ሁልጊዜም ያው።»

እስክሪብቶ ሰጠኋት።
በደረሰኝ ጀርባ ሣለች፤ ቅጠል መሰለ፣ ማንኪያ መሰለ፣
ቆይቶ ቆይቶ ጆሮ አከለ።
እኔም ተቀመጥኩ፣ መስመር በመስመር ቀነስኩ፤
ጥላውን አጠፋሁ፣ ወርቁን አጠፋሁ፣
ጠጉሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ።
አሳነስኩት። ደግሜ አሳነስኩት። ጥፍር አህሎ ቀረ።
ስልኩን ክንዴን ዘርግቼ ከሩቅ ያዝኩት፤
ሦስቱም ቅድ ነበረ።

«ጥሩ» አለች። ከዚያ ዝም። በርኖሱን እያጠፈች፦
«ይህን ከለጠፍኩ ወዲያ ፈትሉን ባሳሳ፣
ሱፉን በቡትቶ ባበራክተው፣
የሚመሰክርብኝ ይኸው ጆሮ ነው።
አፍ ይክዳል። ምልክት ግን እቤትህ ድረስ ይመጣል፤
ያመሰገነህ በእሱ ነው፣ የሚከስህም በእሱ ያገኝሃል።»

ዋጋ ላይ ተከራከርን፣ ዘጠኝ መቶ ላይ ቆምን፤
ለምራቂ የገብስ ቆሎ ዘገነችልኝ፣ እሱን እየቆረጠምን
አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት።

ወር አልፎ ደወለች። «ከጅግጅጋ ሰው መጣልን፤
በዚያ ሐሩር በርኖስ ምን ሊያደርግለት ነው?
እኔ ምን አገባኝ፣ ላክንለት።
ስሜንም አልጠራ፣ አገሬንም አልጠየቀ፤ የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦
‹ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው ናችሁ? አንድ እፈልጋለሁ።›»

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ሰሌዳዬን ቀና ብዬ አየሁ፦
«ኅትመትና ማስታወቂያ»፤
የግራ ጎረቤቴም ይኸው፣ የቀኙም ይኸው፣
ቀለሙ እንኳ አንድ ነው።
ከላይ ጉም እየወረደ ነበር፣ መንገዱን እየዋጠ፣
ባጃጁን፣ ምሰሶውን፣ ፊደሉን እያላመጠ።

ሳላስበው እጄ ሄዶ የራሴን ጆሮ ዳሰሰ።

ሙሉ ነው። ቅድ የለውም።