ሁሉ የተሟላለት

ማስታወቂያው ይላል፦ «ሁሉ የተሟላለት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጦሳ የሚታይበት።»
ሦስት ሌሊት ከፈልኩ። ቁልፍም የለው በሩ፤
አራት አኃዝ ላኩልኝ፤ ነካ ሳደርግ ተከፈተ፣
ያለ «ኖር»፣ ያለ «እንደምን ከረሙ»፣ ያለ ሰዉ ግርግሩ።

ለቤቴ ሰዎች ግን «ሥልጠና ነው» አልኳቸው፣
ባንኩ የላከኝ፣ አበል ያለው።
ዋሸሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ብሉ» ብዬ፣ «ጨምሩ» ብዬ፣
«በሞቴ» ብዬ፣ «አፈር ስሆን» ብዬ፣
ስንቴ ሞትኩ መሰላችሁ በአንድ ምሳ ላይ!
እስቲ ሦስት ቀን ልኑር፣ ማንንም ሳላይ።

ቤቱስ እውነት ያምራል። ግራጫ ሶፋ አለው፣
ማንም ተቀምጦበት አዝኖ የማያውቀው።
ግድግዳው ላይ ባሕር ሥለዋል፣ ከነመርከቡ።
(ባሕር ለደሴ ምኗ ነው? ምን ነካቸው ሲያስቡ?)
አራት ሹካ፣ አራት ማንኪያ፣ አራት ብርጭቆ፣
ጥቁር መጥበሻ፣ ፊቴን ያሳየኝ አብረቅርቆ።
ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት፦ «ጫማዎን ያውልቁ፣
ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ አይልቀቁ፤»
ከሥሩ በእስክሪብቶ፣ አንዱ እንግዳ፦ «አይሳቁ።»

የመጀመሪያው ምሽት ዳቦና ሙዝ ገዝቼ፣
በላሁ መስኮቱ ጋ፣ ቆሜ፣ መብራት አጥፍቼ።
እንዴት ደስ ይላል፣ እናንተ፣ ማንም ሳያይ ማላመጥ!
ለማንም ሳይቆርሱ መዋጥ!

በማግስቱ ጉም ወረደ ከጦሳ፣
ፒያሳን ውጦ፣ የፎቁን ደጃፍ እያዳበሳ።
ባጃጆቹ ጠፉ፤ ጥሩምባቸው ብቻ ከታች ይሰማል።
መስኮቱን ብከፍት ነጩ ነገር ሊገባ ይገፋል።
ያኔ ገባኝ ሥዕሉ። ደሴ ማለት፣ ለካ፣
«ት» የጎደላት ደሴት ናት፤ ጉም ነው ባሕሯን የተካ።

ማብሰል አማረኝ። ሄድኩ እስከ መንገዱ ጫፍ፣
ድንች ገዛሁ፣ ሽንኩርት፣ ለአንድ ሆድ፣ ለአንድ አፍ።
ልኩ ጠፋኝ! አንድ ድንች? ሁለት? እጄ አላወቀም፤
ለሰባት ሰው የለመደ መዳፍ ለአንድ አይሰፍርም።

ቁሌቱ ተንተከተከ። ቀመስኩት። ጨው።
መሳቢያ ከፈትኩ፤ ቢላ። ሌላውን፤ ወንፊት። ሦስተኛው ባዶ ነው።
ሁሉ የተሟላለት ቤት! የጠርሙስ መክፈቻ ሁለት አለው፣
የቢላ መሳያ አለው፣ የእንቁላል መምቻ አለው፣
ጨው የለው።

ከፎቁ ጀርባ ቆርቆሮ ቤት፣ አረንጓዴ በር አለ፤
አንኳኳሁ፣ ብርጭቆ ይዤ፣ ፊቴ በሐፍረት እየጋለ።
«ጨው ነው?» አሉኝ ሴትዮዋ፣ አፌን ሳልከፍተው።
«የላይ ቤት እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ለሱ ነው።
ሉባባ እባላለሁ። ፎቁ የልጄ ነው።
ዕቃ ሲያሟላ አይቼ፣ 'ጨዉን አውጣው' አልኩት፣
'ጨው ካለማ ማን ያንኳኳል የእናትህን ቤት?'»

ገባሁ። የቦሎቄ ንፍሮ አቀረቡ።
«ብዪ።» በላሁ።
«ጨምሪ።» በቃኝ አልኩ።
«በሞቴ!»
እጄ ቀጥ አለ ከሳህኑ በላይ።
የሰባ ዓመት ሴት ሞቱልኝ፣ በአንድ ጭብጥ ንፍሮ ላይ።

ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው
በዚያ ወገን ለተቀመጠ ሰው።

ስመለስ ቁሌቱ አሯል፣
መርከቡ ጭስ ውስጥ ቆሟል።
መስኮት ከፈትኩ፤ መጥበሻውን ስፈትግ አመሸሁ፤
ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን፣ ሳቅሁ።

ስወጣ፣ የተረፈውን ጨው፣ በደብተር ቅጠል የቋጠሩልኝን፣
መሳቢያው ውስጥ ልተወው አልኩና ለሚመጣው፣
መልሼ አነሳሁት። እሱም ያንኳኳ። ምን ቸገረው?

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ።
ቋጠሮዬን ፈትቼ በጣቴ ነካ አደረግሁ።
ስልኬ ጠራ፤ ከቤት ነው። «ለእራት ምን ይሠራ?»
ጨዉ ምላሴ ላይ ነበር፤
ሳልመልስላቸው ጥቂት ቆየሁ።