አምስት ነጥብ ሁለት

ሦስት ሆነው መጡልን፣ በሦስት ካርቶን ሣጥን፣
ውኃ ውስጥ ገብተው የሚለኩ ኦክስጅን።
አል ኾር ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ጀልባዎች ጥግ፣
በገመድ አሰርናቸው፣ ዝገት በበላው ዘንግ።
«አንድ ዓመት ይቆዩ» አለን አለቃ ራሺድ፣
«የቱ እንደሚገዛ ባሕሩ ይፍረድ።»

አንደኛው ርካሽ ነው፣ ሽፋኑም በጣም ስስ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በጥፍር የሚበጠስ።
ሳምንቱን ጎበዝ ነው፣ ከላቦራቶሪው እኩል፤
በአሥራ አምስተኛው ቀን አረንጓዴ ዝልግልግ ሲተከል
ቁጥሩ ቀስ እያለ መንሸራተት ያዘ፣
እንደ ግድግዳ ሰዓት፣ ባትሪው እንደፈዘዘ።

ሁለተኛው ውድ ነው፣ በብርሃን የሚለካ፤
ካታሎጉ የጻፈው ሁሉም ልክ ነው ለካ!
መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እንደ ተማሰ ቦይ፤
አምስት ነጥብ ሁለት በሌሊት፣ አምስት ነጥብ ሁለት በጠራራ ፀሐይ።
ባሕር ሌሊት ሌሊት ትንፋሹ እንደሚያጥረው
ረስተን፣ «ይኼ ነው!» አልን። አለቃም ደስ አለው።

ሦስተኛው ግን ጣጣ። መዳብ አለ አንገቱ ላይ፣
የጥርስ ብሩሽ የመሰለ ጠራጊ ፊቱ ላይ፤
በየሰዓቱ ሲጥ ሲጥ እያለ ዓይኑን ያብሳል፣
ባትሪ እንደ ውኃ ይጠጣል፣ አሸዋ ሲገባው ያለቅሳል፤
አልችል ሲል ቁጥር አይፈጥርም፣ ባዶ ሰረዝ ይልካል።
ስንቴ ሰደብኩት! ስንቴ ኻሚስን ቀስቅሼ፣ በጀልባ
ብሩሹን ልቀይር ሄድኩ፣ ቁርስ ሆዴ ሳይገባ።

ነሐሴ ገባ። ነፋስ የለም። ውኃው እንደ ሾርባ ይሞቃል።
ኻሚስ የሉል ጠላቂ ልጅ ነው፣ አፍንጫው የአባቱ ውርስ።
«ዛሬ የባሕሩ አፍ ይሸታል» አለኝ፣ ማታ ጀልባዋን ሲያስር።
ስልኬን ከፍቼ አሳየሁት፦ አምስት ነጥብ ሁለት።
ስልኩን አላየም። ውኃውን ነበር የሚያየው።

ሲነጋ ዳርቻው ነጭ ነበር።
ሳፊው፣ ሸዕሪው፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣
ማንግሮቩ ሥር ድረስ።
ሦስተኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ
«አንድ ነጥብ አራት» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።
እኔ «ደግሞ ተበላሸ» ብዬ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ ተኝቼ።

ውዱን አወጣነው። ዓይኑ ላይ ቅርፊት በቅርፊት በቅሎበታል፣
የድንጋይ ሽፋሽፍት ያወጣ ይመስላል።
መመሪያው ገጽ አርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ያልተለመደ ንባብ ሲያጋጥም የቀድሞውን ይይዛል።»
ኻሚስ በቢላው ጫፍ ፋቀው። ምንም አላለም።
እኔም ምንም አላልኩም።

የግዢ ቅጹ ላይ «የተመረጠበት ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ፣
ሁለት መስመር የማይበቃ።
«ሲያቅተው ይናገራል» ብዬ ጻፍኩ።
ራሺድ አነበበ፣ የባትሪውን ዋጋ ሲያይ ሳል ያዘው፣
ቢሆንም ፈረመ።

ዓርብ ታናሽ እህቴ ትርሲት ደወለች፣
እንደ ዓርቡ ሁሉ።
«ደህና ነህ?»
አራት ዓመት ሙሉ የላክሁላት አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤
ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።
ያዝኩት።
ከመስኮቱ ውጭ የአንድ ጀልባ ሞተር ተነሳ፣ ራቀ።
«ሄሎ?» አለች። «ሄሎ? ኔትወርኩ ነው?»