የመስታወት ላይ ቁጥር

ሩዊ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ፣ በካርጎ ሱቆቹ ሰፈር፣
ቁጥሩን የምጽፍ እኔ ነበርኩ፣ በቀይ ማርከር።
የትናንቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣
የዛሬውን ጎላ አድርጌ፣
መንገድ ተሻግሬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ፤
የተጣመመ ቁጥር ሰው አያምንም፣ ይህን አውቃለሁ።

"አዲስ አበባ፣ በአየር፣ ኪሎው አንድ ሪያል ከአምስት መቶ ባይሳ።"
ኑሪዬ ብቻውን ነበር ያኔ፤ ድምፁን የማያነሳ፤
"የሚሻል ካለ ሂዱ" ይላል፣ ደረሰኙን እየቆረጠ።
የት ይኬዳል? ሰው ሁሉ ከፍሎ ወጣ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ።

ከዚያ አንድ አርብ፣ ኮያ የሚሉት የኬረላ ሰው መጥቶ፣
የማዶውን ጫማ ቤት ተከራይቶ፣ ሰማያዊ ቀብቶ፣
ጻፈ፦ አንድ ሪያል ከሦስት መቶ።

ኑሪዬ ሳቀ። "ሦስት ወር አይቆይም" አለ።
ከቀትር በኋላ ግን፣ ዝግ ብሎ፣ "ይመኑ፣ ና ጥረገው" አለ።
አንድ ከሁለት መቶ። ማዶ፣ አንድ ከመቶ።
ሪያሏን ብቻ አስቀረሁ፤ ማዶ እሷንም ሸኛት፤ ዘጠኝ መቶ።
የማዶው ጸሐፊ ቢጁ ይባላል፤ እንደኔው ጨርቅ የያዘ፣
እጅጌው ቀለም የነካው፣ ማርከሩ የፈዘዘ።
ሰላምታችን ቁጥር ነበር፤ እሱ ሲቀንስ፣ እኔ ስቀንስ፣
እንደ ሁለት ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ማን ቀድሞ ውሃ እንደሚደርስ።

"አላህ ጠባቸውን ያርዝመው!" አለች ዘይቱና ስቃ፣
ከጉብራ በታክሲ ይዛ የመጣችውን እቃ
በገመድ እየጠፈረች፤ በተረፋት ሳንቲም ለእህቷ
ጫማ ጨምራበት፣ ለእናቷ ደግሞ ሽቶ።

ስድስት መቶ ስንደርስ ኑሪዬ ሳቁን ተወ።
የአውሮፕላኑ ሂሳብ ብቻ ስድስት መቶ ሃምሳ ነው።
ማታ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሚዛኑን ሲፈታው አየሁት፤ በመፍቻ ሞላውን አላላ፤
ከዚያ ወዲያ፣ በዚያ ሞላ፣ ያልሞላው ሁሉ ሞላ።
ፉክክሩ ከመስታወት ወርዶ ከሚዛን ሥር ገባ፤
ይህን ጻፍ ያለኝ የለም፤ ማርከሬም አላነባ።
ማዶም እንዲሁ መሆኑን ያወቅኩት፣
ቢጁ ዓይኔን ሲሸሽ ነው፤ እኔም ሸሸሁት።

ዘይቱና አልጮኸችም።
አንድ አርብ አምስት ኪሎ ስኳር፣ ከነፋብሪካ እሽጉ፣
ሚዛናችን ላይ አስቀመጠች። ስድስት አለ።
ስኳሯን አቅፋ ተሻገረች። ስድስት ከሩብ አለ።
ለማን እንደነገረች አላውቅም።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መጣ፣ ነጭ ልብሱ ሳይጨማደድ፤
ሳጥኑን ከፈተ፤ በከፋይ ላይ የተኙ የነሐስ ክብደቶች።
ሁለቱንም ሚዛን አርሞ በእርሳስ አሸገ፣
ቅጣቱን ጽፎ፣ ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

ማግስቱን ሁለቱን ባላንጣዎች ከፊሉ ጠራ።
የሁለቱም ፈቃድ በሱ ስም ነው፤ የሰማሁት ከሹፌሩ ነው።
በኛ ቋንቋ ከፊል ማለት ግማሽ ነው፣ ቁራሽ ነው፤
ይህ ከፊል ግን ሙሉ ነው።

ጠዋት ጨርቄን ይዤ ወጣሁ፤ ቢጁም ጨርቁን ይዞ ወጣ።
አንድ ሪያል ከአራት መቶ ጻፍኩ፤ ዞር ስል ከማዶ ያው መጣ።
ሁለት መስታወት በአንድ ሌሊት አንድ ሕልም ያልማል እንዴ?
ኑሪዬና ኮያ ደጅ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፣ ያውም ባንዴ።

ተቆጣጣሪው ተመለሰ። ማኅተሙ አልተሰበረም፤
ሚዛኑ ጻድቅ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን
ሹክሹክታ የሚመዝን ነሐስ አልነበረውም።
አንዱን መስታወት አየ፣ ሌላውን አየ፣
ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫረ። ምን እንደሆነ አልነገረንም።

ዘይቱና ከዚያ ወዲህ ሱቃችን አልረገጠችም።
ትናንት ግን ፌርማታው ምሰሶ ላይ የካርቶን ቁራጭ አየሁ፤
ፊደሉ ተንጋዷል፣ ቁጥሩ ተጣሟል፦
"ዐሥራ ሁለት ሴቶች ነን፣ አንድ ላይ እንልካለን፣
ኪሎው አንድ ሪያል። አርብ ብቻ።
ስኳር ይዛችሁ ኑ፣ መዝኑን።"

ኑሪዬ ሁለቴ አነበበው። ሻዩ ቀዘቀዘ።
"ይመኑ" አለ፣ ዝግ ብሎ።
ጨርቄ ገና አልደረቀም።