ወደ ኋላ የሚፈስ

ዐሥራ አንድ መጻሕፍት በቆርቆሮ ሣጥን
ጭኜ እቀዝፋለሁ፣ በየቅዳሜው ጧት፣ ቶንሌ ሳፕን።
ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቴ "ምን ይዘሻል? ዓሣ?" ይለኛል፤
"አዎ፣ የማይሸተውን" እለዋለሁ፤ ይሥቃል፣ ያሳልፈኛል።

መንደሩ መሬት የለውም፤ ቤቱ በበርሜል ላይ፣
ሱቁ በቀርከሃ፣ አሳማው በጋጣው ከውኃው በላይ፤
ልጅ ዳዴን ሳይጨርስ ዋና የሚጀምርበት፣
"አቧራህን አራግፍ" የሚል እናት የሌለበት።

ፋሊ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፣
ከሦስት ዓመት ልጅ እስከ ዐሥራ አራት ይሆናሉ።
ባንድ መጽሐፍ ይህ ሁሉ ዕድሜ እንዴት አድርጎ ይጠግባል?
ባለወተት ጥርሱና ጢም ማብቀል የዳዳው ባንድ ገበታ ይቀርባል?

ለትንንሾቹ ቃሉን ትቼ ድምፁን አነባለሁ፤
"ኮለል፣ ኮለል፣ ሿ!" እያልኩ እጄን አወርዳለሁ።
ፒሴይ፣ ሦስት ዓመቷ፣ የምታነበው በጥርሷ ነው፤
የድልድዩ ገጽ ጥግ የለውም፤ የእርሷ ቁርስ ነው።

ከስምንት ዓመቶቹ የምፈልገው ጣታቸውን፤
"ከምንጩ ጀምሩ፣ ሳታነሡ ተከተሉ መስመሩን።"
ሶክሊም ገና ከተራራው ጫፍ ቆመች።
"ይኼ ነጩ ምንድን ነው?"
"በረዶ" አልኳት።
"በረዶማ ከፋብሪካ ነው፣ ዓሣ ላይ የሚነሰነስ፤
ማን ነው ተሸክሞ ወጥቶ ተራራ ላይ የሚያፈስስ?"

ትልልቆቹን አልጠይቅም። ዝም እላቸዋለሁ፤
ዝምታው ሲከብዳቸው ያወርዱታል፤ እጠብቃለሁ።

መጽሐፉ የሩቅ አገር ነው፤ ውብ ነው፣ አልዋሽም፤
ወንዙ ጥርት ያለ፣ አንድ ፌስታል አይንሳፈፍበትም።
ከምንጭ ይነሣል፣ በድልድይ ሥር ያልፋል፣ ባሕር ይገባል፤
በመጨረሻው ገጽ፣ በደማቅ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦
"ወንዝ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም።"

ኮሳል ሣቀ።
ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሌሊቱን መረብ ሲጎትት ያደረ፤
ዐይኑ ቀልቶ፣ የተኛ መስሎኝ ነበረ።
"መምህርት፣ ይኼን የጻፈው ሰውዬ
አንድ ሰኔ እንኳ እዚህ አልዋለም?"

እውነቱን ነው። ክረምት ገብቶ ታላቁ ሜኮንግ ሲሞላ
ወንዛችን ዞሮ ይሮጣል፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ኋላ፤
ዛፎች እስካንገታቸው ይጠልቃሉ፣ ዓሣ ቅርንጫፍ ላይ ያድራል፤
ኅዳር ላይ ደግሞ፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው፣ በመጣበት ይመለሳል።

"ታዲያ መጽሐፍ ይዋሻል?" አለች ሶክሊም፤ ጣቷ ተራራው ላይ ነው።
አዎ ብል፣ ይህን ሁሉ ሣጥን የምቀዝፈው ለምንድን ነው?
አይ ብል፣ ከበረንዳው ሥር ያለው ውኃ ይታዘበኛል።
እርሳስ አወጣሁ።
"የራሱን ወንዝ ጽፏል፤ እኛ ጋ አልደረሰም፤
እስቲ ሙሉለት።"

ተሻሙ። ሶክሊም ጻፈች፣ ኮሳል ፊደሏን አቀና፤
"የኛው ይመለሳል። ካላመንክ መጥተህ እይ።"
ፒሴይም የድርሻዋን ጫረች። ዓሣ ነው አለች። ይሁን።

ይኼኔ ነው ሪቲ፣ ስድስት ዓመቱ፣ ጧቱን ሙሉ ያልተነፈሰው፣
እጅጌዬን ሳብ ያደረገው፦
"ሲመለስ የወሰደውን ሁሉ ይዞ ነው?"

እናቱ ታይላንድ ናት። ለሥራ ከሄደች ሦስት ኅዳር አለፈ።
ኮሳል ወደ መረቡ ዞረ፤ ያልተቀደደውን መስፋት ያዘ።
ከዐሥራ አንዱ አንድም ገጽ ለዚህ የሚሆን የለኝም።
"አላውቅም" አልኩት።
መጥቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ።

ድልድዩ ያለበትን ገልጠን ዓሦቹን ቆጠርን። ዐሥራ ዘጠኝ።
ደግመን ቆጠርን። ዐሥራ ዘጠኝ።
"ሃያ ናቸው" አለ፤ ሃያኛውን ግን አላሳየኝም።

ማታ ቤቴ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ብቻዬን ቆጠርኩ።
ፒሴይ ከበላችው ጥግ ጠርዝ፣
ጥርሷ ካቆመበት፣
የጅራት ጫፍ ቀርቷል።