ለማይዌን፦ ስለ ቆርቆሮዎቹ

ማይዌን፣ ቁልፉ ጓዳ ነው፣ ከምስማሩ ላይ፤
በሩን ስትከፍቺ ዓሣ ዓሣ ቢሸትሽ፣ ዓሣ አለ አትበይ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በዱዋርኔኔ፣ በሰርዲን ፋብሪካ፣
ጭንቅላት የሌለው ዓሣ ስደረድር፣ ጅራት በጅራት ሳለካካ፣
ክዳኑ የተጣመመ፣ ለገበያ የማይሆን ቆርቆሮ ሲገኝ
ካፖርቴ ሥር ይዤው እወጣ ነበር፤ ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ሲሸኘኝ።
ዛሬ መቶ አርባ ሦስት ናቸው።
አንድ አገር ሙሉ አለ በውስጣቸው፦
ተራሮቿ፣ ዕዳዎቿ፣ ስድቦቿ፣ የአራት መቶ ዓመት ዝናሟ፤
ማንም ያልረገጣት፣ እኔ ብቻ ያረጀሁባት። ዙዌል ነው ስሟ።

አሁን ስሚ። አንዱን ቆርቆሮ ከአንዱ አትቀላቅዪ።
ንጉሥ ስትፈልጊ በዘውዱ አትሂጂ፤ በዘመኑ የነበረውን የጨው ዋጋ እዪ።
ወጣት ሳለሁ ከዙፋን ጀመርኩ፤ ከዘንዶ፣ ከሰይፍ፣ ከትንቢት፤
ሦስት ደብተር ሞላሁ፤ አንድም ሰው አልነበረም ራቱን የሚበላበት ቤት።
ከዚያ አንድ ክረምት፣ ጀልባ ባልወጣበት፣ ሥራ በፈታሁበት ሰሞን
«እነዚህ ሰዎች ጨው ከየት ያመጣሉ?» አልኩ፤ ያቺ ጥያቄ ጠረገች መንገዱን።
ጨው መንገድ አመጣ፤ መንገድ ቀረጥ፤ ቀረጥ ሽፍታ፤
ሽፍታው እናት ነበረችው፤ እሷም ጎረቤት፣ ጎረቤቷም ሐሜታ።

ሰማያዊ ክር የታሰረበት ወንዝ ነው።
ወንዝ ስትጨምሪ አስቀድመሽ ዳገቱን ጠይቂ፤
በእኔ አገር አስማት አለ፤ ውሃ ግን ሽቅብ አይፈስም፤ ይህን ጠብቂ።
ቀዩ ክር እርግማን ነው፤ ለእያንዳንዱ ዋጋው ተጽፎለታል፦
ዝናብ የጠራ አንድ ጥርስ ይከፍላል፤ ሙት ያናገረ የእናቱን ድምፅ ይረሳል።
ነጻ አስማት የለም። ነጻ ነገር ታሪክ ይገድላል።
በእርሳስ የጻፍኩት ጥርጣሬ ነው፤ በቀለም የጻፍኩት እውነት፤
በቀለም ጽፌ የሰረዝኩትን አትጣዪ፤ የእኔ ስሕተት የእነሱ ነው ተረት።

ስም ሲቸግርሽ
ጮክ ብለሽ ጥሪው ከመስኮት፣ ልጅ ለራት እንደሚጠራ፤
በሦስተኛው ጥሪ ምላስሽ ካልተደናቀፈ፣ ያ ሰው ይኑር፣ ቤቱንም ይሥራ።
ፊት ለፊት ያለችው ማዳም ሌጎፍ ብትስቅ፣ ትሳቅ፤
ለጦር አዛዥ የመረጥኩትን ስም ስጣራ፣ ውሻዋ መጣ ጅራቱን ሲነቀንቅ።
(አዛዡን ሌላ ስም ሰጠሁት። ውሻው እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራል።)

ወደ ዋናው ልምጣ። ቆርቆሮ ዘጠኝ። ጨረቃ።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሁለት አደረግኋት፤ ምክንያት የለኝም፤ አማረችኝ፣ በቃ።
እዚህ ዱዋርኔኔ አንዲቷ እንኳ ባሕሩን ጎትታ ታሸሸዋለች፤
ጀልባውን ከውሃ ነጥላ ጭቃ ላይ ታስተኛዋለች፤
ሁለት ሲሆኑስ? አላሰብኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ
ወደቦቹን ወደ ላይ ስስብ፣ የሰመጡ ቤቶችን ስቆጥር፣ ጣቴን እየቆረጠመኝ።
አንድ ሌሊት ቆረጥኩ፦ ሁለተኛዋ ትጥፋ!
ላጲሴን ያዝኩ፤ ብናኙን እፍ ሊል ጉንጬ ተነፋ።
ያኔ ነው ከቆርቆሮ ስድሳ ሁለት አንድ ሰው ትዝ ያለኝ፤
ታንኩል፣ ሰው አሻጋሪ፣ በደረሰኝ ጀርባ ሦስት መስመር ብቻ የጻፍኩለት፤
«ሁለተኛዋ ስትወጣ ነይ፤ ያኔ ውሃው ይሸከመናል» ያላት
ከማዶ አንዲት ሴት አለችው። ስም እንኳ አላወጣሁላት።
ምን ልበልሽ፣ ላጲሱን አስቀመጥኩ።
ነገሥታት ሰርዣለሁ፤ ሁለት ከተማ በአንድ ከሰዓት አቃጥያለሁ፤
የእሱን ቀጠሮ ግን ማፍረስ አልቻልኩ።

ጨረቃዋ ትኑር። ባሕሩን አንቺ አስተካክዪው፤
ስሌቱ ቢያዳግትሽ በእርሳስ ተዪው።
የመጨረሻው ቆርቆሮ ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ስሕተት አይደለም፤
ላዩ ላይ «አላውቅም» ይላል። ቶሎ አትሙዪው፤ ሁሉን የሚያውቅ አገር ሠሪ የለም።
ለዚያች ሴት ስም ካገኘሽላት፣ ከመስኮት ጥሪና ስሚ።
ደግሞ የዘጠኝ ቁጥሩ ክዳን ስለት ነው፤ እንዳትደሚ።